ሳል ያለበት መዝሙር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ጥር ነው። ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፤ እኔ ግን ኮምፒውተሬን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ ደሜም ይፈላል። የተናደድኩት በአንድ ሶፍትዌር፣ በአንድ ዘመዴና በራሴ ነው። ከሦስታችን ማን እንደሚብስ አንባቢ ይፍረድ።

ሆሳዕና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ዘፈንና መዝሙር የምጭንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሰው ፍላሹን ወይም የስልኩን ሚሞሪ ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ እጭንለታለሁ። ሥራውን የጀመርኩት በካሴት ዘመን ነው፤ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ከሥራው ጋር አብሬ ተሻገርኩ። አሁን ሰው ሁሉ ከኢንተርኔት ያወርዳል ይላሉ። ያውርድ። የአጥቢያው መዘምራን ከብዙ ዓመት በፊት በሀዲይኛ የዘመሩትን የሚፈልግ ሰው ግን ኢንተርኔት ላይ ቢያድርም አያገኘውም፤ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

አያያዜ የራሴ ነው። ፎልደሮቼን የምሰይመው በዘፋኙ ስም ሳይሆን ዘፈኑን ባመጣው ሰው ነበር። «የፎንቆ ሠርግ፣ ነርሷ ያመጣችው»፣ «የጡረተኛው መምህር ክራር»፣ «የዱራሜው ልብስ ሰፊ ካሴቶች» እያልኩ። ሰው መጥቶ ሁለት መስመር ካንጎራጎረልኝ ማን እንዳመጣው ትዝ ይለኛል፣ ፎልደሩን እከፍታለሁ፣ አለቀ። በዚህ ዓይነት ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አንድም ሰው ባዶ እጁን መልሼ አላውቅም።

ከዚያ ጥር በፊት በነበረው መስከረም፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴ በዓል የባለቤቴ ወንድም ስምዖን ከአዲስ አበባ መጣ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ ይላል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በትክክል ምን እንደሚሠራ እስካሁን አልገባኝም፤ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት መታወቂያ ግን አለች፣ ለበዓል ክትፎ ሲቀርብም አያወልቃትም። ሱቄ ገብቶ ፎልደሮቼን አየና ሳቀ። ይሄ የሙዚቃ ላይብረሪ ሳይሆን የእድር መዝገብ ነው አለኝ። ደንበኞች ፊት ነው የሳቀብኝ።

ከዚያ ቁጭ ብሎ አንድ ሶፍትዌር ጫነልኝ። ይህ ጉደኛ ዘፈኑን ሁሉ በዘፋኝ፣ በአልበምና በዓመት ይደረድራል። ለእያንዳንዱም የሽፋን ፎቶ ከኢንተርኔት ፈልጎ ይለጥፋል። ሲለጥፍ ታዲያ ብታዩት! ፎንቆ ውስጥ ለአርባ ዓመት የሰበኩ ሽማግሌ ዝማሬ ላይ ደረቱን የተነቀሰ፣ ሸሚዝ ያልለበሰ ፈረንጅ ለጠፈባቸው። የእናቶች ኅብረት መዝሙሮችን «ሬጌ» ብሎ መደባቸው። ስምዖን ይህን ሲያይ አላፈረም፤ ቀስ በቀስ ይስተካከላል አለና በዓሉን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባው ሄደ።

እዚህ ላይ የራሴን ጅልነት ልናገር። ሶፍትዌሩ ከላይ በኩል አረንጓዴ መስመር አለችው፤ የዘፈኖቹ መረጃ በተሟላ ቁጥር እየሞላች ትሄዳለች። እኔም ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ የልጆች አባት የሆንኩ ሰውዬ፣ ያቺን መስመር ለመሙላት ጓጓሁ። ችግሩ ሦስት ሺህ የሚያህሉ ዘፈኖቼ «ያልታወቀ ዘፋኝ» ተብለው መቆማቸው ነው። ፎንቆ ገበያ ላይ ክራር ሲመታ የተቀዳን ሰው ስም እኔ ከየት አመጣለሁ? ስለዚህ በዘፋኙ ቦታ የማውቀውን ጻፍኩ፤ ያመጣውን ሰው። በርዕሱ ቦታ ደግሞ የዘፈኑን የመጀመሪያ ቃላት። ደንበኛ እያስጠበቅኩ አንድ ወር ስጽፍ ከረምኩ። መስመሯ ሞላች። ለባለቤቴ ጠርቼ አሳየኋት፤ እሷ እንኳ «እና ምን ይሁን?» ብላኝ ነበር። ሴትዮዋን መስማት ነበረብኝ።

መስመሯ እንደሞላች ሶፍትዌሩ ሌላ ነገር አቀረበልኝ። ተደጋጋሚ ዘፈኖች ስላሉ ላጽዳልህ ወይ ይላል። ስምዖን ጋ ደወልኩ። ርዕሱና ዘፋኙ አንድ ከሆነ አንድ ዘፈን ነው፣ ጥራቱ የተሻለውን ያስቀርልሃል፣ ለሚጠይቅህ ሁሉ «አዎ» በለው አለኝ። በተለየ ሃርድ ዲስክ ያስቀመጥኩትን መጠባበቂያ ቅጂም አብሮ እንዲያስተካክለው አዘዘኝ። «አዎ» አልኩ። «አዎ» አልኩ። ፎልደሮቼም ፈርሰው በአዲስ መልክ ተደረደሩ። ሲጨርስ ኮምፒውተሩ ላይ ባለቀለም ወረቀት የሚበትን ሥዕል አሳየኝ፤ እኔም ሠርግ ላይ እንዳለ ሰው ደስ አለኝ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ጥር ገባ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አማረች ከዳምቦያ መጡ።

ወይዘሮ አማረች የወንጌላዊ ላታሞ ሚስት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሰባት ዓመት አልፏል። ሰውዬው በሕይወት ሳሉ ቤታቸው ቁጭ ብለው በከምባትኛ የዘመሯት አንዲት መዝሙር በካሴት ተቀድታ ነበር። ከቀብሩ ጥቂት ወራት በኋላ ያንን ካሴት በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝና ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ክሩ አርጅቶ ስለነበር ገልብጬ ስጨርስ ተበጠሰ። ደነገጡ። እኔ ምን እንዳልኳቸው ዛሬም አልረሳውም።

«ይጣሉት እትዬ። እኔ ጋ ገባ ማለት አይጠፋም።»

አሁን የመጡት ለዚህችው መዝሙር ነው። ሴት ልጃቸው ምሕረት ቅዳሜ ልትዳር ነው። በእኛ አገር ሙሽራ ከቤት ስትወጣ መርቆ የሚሸኛት አባቷ ነው፤ አባት ከሌለ አጎት ይተካል። ምሕረት ግን አባቴ ይመርቀኝ ብላለች። ካሴቱ መጨረሻ ላይ ሰውዬው መዝሙሩን ጨርሰው ስለ ልጆቻቸው ይጸልያሉ፤ እሱ ይከፈትልኝ ነው የምትለው። አጎትየውም ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ወንድማቸው ሲመርቅ አጠገቡ ልቁም ብለዋል። የወይዘሮ አማረች ቅጂ የነበረው ስልካቸው ውስጥ ነበር፤ ስልኩን ደግሞ ዱራሜ ገበያ ከነሚሞሪው ሰረቋቸው። ይህን ሲነግሩኝ ብዙም የተጨነቁ አይመስሉም ነበር። እኔ ጋ አይጠፋማ።

የመዝሙሯን የመጀመሪያ ቃላት ጻፍኩና ፈለግኩ። አንድ መዝሙር ወጣ። ከፈትኩት። ኪቦርድና ከበሮ ያለው፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ የመዘምራን ዝማሬ ነው። ወይዘሮ አማረች ጨዋ ሰው ስለሆኑ አላቋረጡኝም፤ አንድ አዝማች ሙሉ አዳመጡ።

«ይሄ የአጥቢያችን ልጆች የዘመሩት ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔ የእሱን ነው።»

ያኔ ገባኝ። መዘምራኑ ሰውዬው ካረፉ በኋላ ያችኑ መዝሙር ለመታሰቢያ ዘምረዋት ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። እኔም የሁለቱንም ርዕስ በመጀመሪያ ቃላቸው ጽፌዋለሁ። በሁለቱም ላይ ዘፋኙ ቦታ «የዳምቦያዋ እናት» ብያለሁ። ሶፍትዌሩ አያቸው፣ አንድ ናቸው አለ፣ ጥራት ያለውን አስቀረ። የሞተውን ሰው ድምፅ ጣለ። እኔም «አዎ» ብያለሁ።

ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ኮምፒውተሩ ዛሬ አስቸግሮኛል፣ ሐሙስ ይምጡ ብዬ ዋሸሁ። አመስግነውኝ ሄዱ። ማመስገናቸው ነው የባሰው።

ስምዖን ጋ ደወልኩ። መጠባበቂያ ቅጂ የለህም ወይ ሲለኝ፣ እሱንም አብረህ አስተካክል ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ አልኩት። ሶፍትዌሩ እኮ አልተሳሳተም፣ የተቀረው ጥራቱ የተሻለ ነው አለኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል የምሰማው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከሱቄ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝም ሃርድ ዲስኩን አገላብጦ አይቶ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ አዲስ ነገር ስለጫንኩበት የተሰረዘው አይመለስም አለኝ። የጥር የሠርግ ዘፈን ነው የጫንኩበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ይኸው እኔ።

ማታ ምግብም አልበላ አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ሰው ፍላሽ ሲያስጭን ያላዘዘውን አንድ መዝሙር በጭማሪ የመስጠት ልማድ አለኝ። ካሴቱን ባመጡበት ዓመት ወይዘሮ አማረች ለሰው ስጠው፣ ይስሙለት ብለውኝ ስለነበር የወንጌላዊ ላታሞን መዝሙር ለብዙ ሹፌሮች ጨምሬ ሰጥቻለሁ። ለማን ለማን እንደሰጠሁ የትም አልጻፍኩም። አሁን ግን አንድ በአንድ በጭንቅላቴ ቆጠርኩ። አንዱ መኪናውን ሸጧል። አንዱ አገር ለቋል። ሌላው በየወሩ ፍላሽ የሚቀይር ነው። የቀረኝ ኤርሲዶ ነው።

ኤርሲዶ ከሆሳዕና ሀቢቾ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያ አገኘሁት። ፍላሹ ያው የድሮው ነው፤ ቴፑ ላይ እንደተሰካ ዓመታት አልፎታል። ጫፉ ስለተወላገደ በክብሪት እንጨት አስደግፎታል። ነቅዬ ልውሰደው ስለው እምቢ አለ። አንዴ ከተነቀለ አይሠራም፣ ያለ ዘፈን ደግሞ ተሳፋሪው ይነዘንዘኛል አለኝ።

መዝሙሯ በውስጡ ትኖር እንደሆነ ጠየቅኩት፤ በከምባትኛ ናት፣ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን የሚዘምሯት፣ አልኩት።

«ልጅ የሚያስልበት ነው?» አለኝ። «እሱ ሀቢቾ መግቢያ ላይ ነው የሚመጣው።»

መጀመሪያ ሀቢቾ መግቢያ ሲለኝ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲያስረዳኝ፣ ቴፑ መኪናው በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው ዘፈን ይጀምራል። እሱም ወደ ሌላ ለማለፍ ቁልፉን አይነካም፤ ክብሪቱ ይወድቃላ። ስለዚህ ባለፉት ዓመታት የሚሰማው ያንኑ አስራ ምናምን ዘፈን ነው፣ በቅደም ተከተል። የትኛው ዘፈን የትኛው ዳገት ላይ እንደሚመጣ ያውቃል። አረንጓዴ መስመር የለው፣ የሽፋን ፎቶ የለው፤ የጠየቅኩትን ግን ከፍላሹ ሳይሆን ከመንገዱ አወጣልኝ።

ጋቢና ገባሁ። ዘፈኖቹ አንድ በአንድ አለፉ። አንዱ የፎንቆዋ ነርስ ያመጣችው ነበር፤ እኔ ጋ እሱም ሳይጠፋ አልቀረም። ሀቢቾ ልንገባ ስንል የወንጌላዊ ላታሞ ድምፅ መጣ። ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ የልጅ ሳል ተሰማ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ልጁን ውሃ ስጡት እንጂ ብለው ዞር ዞር አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ እንባዬ መጣ።

ኤርሲዶ አይቶኝ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስለ ሙሽራዋ ነገርኩት። ተመልሰን ሆሳዕና እንደገባን መኪናውን አቆመና ክብሪቱን ራሱ አወጣው፣ ፍላሹንም ነቅሎ በመሀረቡ ይዞ ሱቄ ድረስ አብሮኝ መጣ።

ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው አላነበበም። ኤርሲዶ ጫፉን በሁለት ጣቱ ደግፎ ቀና ሲያደርገው አነበበ። በዚያው ቅጽበት ያ ሶፍትዌር ማንም ሳይጠራው ራሱ ተከፈተ። ፍላሹን ቃኘ። ከዚያ ጥያቄውን አመጣ፤ ይህ መዝሙር አለህ፣ ያለህ ጥራቱ የተሻለ ነው፣ ይኼኛው ይሰረዝ ወይ? «አዎ» የሚለው ቁልፍ በትልቁ በርቷል። እጄ «አዎ» ማለት ለምዷል።

«ምን ይላል?» አለኝ ኤርሲዶ፣ ፍላሹን እንደደገፈ።

«ላጥፋው ወይ ነው የሚለው።»

«ማንን?»

«አባትየውን።»

ኤርሲዶ ስክሪኑን በጥርጣሬ አየው። «ደሞ ይጠይቃል እንዴ?» አለ።

«አይ» የሚለውን ጫንኩት። ሶፍትዌሩ ከገባ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ያልኩት ያን ቀን ነው። መዝሙሯን ገለበጥኩ፤ በሁለት ፍላሽ፣ በሲዲ፣ በስልኬ፣ በባለቤቴ ስልክም ጭምር። የኤርሲዶ ፍላሽ ከዚያ በኋላ አልተነበበም። አዲስ ልስጥህ ስለው የአስራ ምናምኑን ዘፈን ቅደም ተከተል በቃሉ ነገረኝ፤ እኔ ጋ የተረፉትን ፈልጌ በዚያው ተራ ጫንኩለት።

ሐሙስ ወይዘሮ አማረች ሲመጡ እውነቱን ነገርኳቸው። ቅዳሜ አንተው ይዘህልን ና አሉኝ። ያመኑኝ ይሁን ያላመኑኝ እስካሁን አላውቅም።

ቅዳሜ ዳምቦያ ሄድኩ። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። አጎትየው ትንሿን ስፒከር እንደ ሕፃን አቅፈው አጠገቧ ቆሙ። ከፈትኩት። ወንጌላዊው መዘመር ጀመሩ። ሳሉ መጣ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛው ላይ ሰውዬው መዝሙሩን አቋርጠው በከምባትኛ የሆነ ነገር አሉ። ከዚያ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። እንደገና ሲዘምሩ ሳሉ ከድምፃቸው ጋር ቀርቧል።

ቤቱ በሙሉ ምሕረትን ያይ ጀመር። እኔ ከምባትኛ በደንብ አልሰማም፤ ወይዘሮ አማረች ጆሮዬ ላይ ነገሩኝ።

«ነይ እቅፌ ነው የሚላት። እሷ ናት የምታስለው። ያን ዓመት ትክትክ ይዟት አትተርፍም ብለን ነበር።»

መዝሙሩ አለቀ። ጸሎቱ መጣ። ልጆቻቸውን በስማቸው ጠሩና ምሕረት ላይ ሲደርሱ ቆዪ ቆዪ እያሏት፣ እሷም እያሳለች፣ ይህችን ልጅ አሳድግልኝ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቃት አሉ። አጎትየው ስፒከሩን እንዳቀፉ ቀድመው «አሜን» አሉ። ሁላችንም ተከተልን። ምሕረት ስትስቅም ስታለቅስም ነበር፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ስፒከሩን ሳመችው።

ሶፍትዌሩን በበነጋው አወጣሁት። ፎልደሮቼ ግን እንደ ድሮው አልተመለሱም፤ ያመጡትን ሰዎች ስም በማስታወሴ መጠን እየጻፍኩ ነው፣ ስንቱ እንደጠፋ ሰው መጥቶ እስኪጠይቀኝ አላውቅም። ሰው በሩ ላይ በቆመ ቁጥር እሳቀቃለሁ። ዘንድሮ ለያሆዴ ስምዖን ከነመታወቂያው መጣና አንድ መዝሙር ለምን አምስት ቦታ እንደማስቀምጥ ጠየቀኝ። ክትፎውን እንዲበላ ነገርኩት።

በእሱና በሶፍትዌሩ እንደፈለግኩ እስቃለሁ። ሶፍትዌሩ ሳል ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ስምዖንም መዝሙሯን ሰምቷት አያውቅም። እኔ ግን ሰምቻታለሁ፣ ካሴቱን በእጄ ይዣለሁ፣ ወድጃትም ለሹፌር ሁሉ ሰጥቻለሁ። «አዎ» ያልኩትም እኔው ነኝ።